የአውሮፕላን ማረፊያው መንትያና የእኛ መዝገብ አያያዝ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ!

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አስተያየቴ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ረዘም ያለ ስለሆነ አንባቢን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መኖሪያዬ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ ከአደባባዩ ተነሥተው ልደታን አልፈው ሲሄዱ፣ የታክሲ ረዳቶች እስከ ዛሬ ድረስ «ኦልድ ኤርፖርት» እያሉ የሚጣሩበት ሰፈር ይገኛል። ዛሬ በዚያ መንገደኛ የሚያሳፍር አውሮፕላን የለም፤ ስሙ ግን አልጠፋም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ባደረገበት ዘመን የዋና ከተማችን የአውሮፕላን ማረፊያ ይኸው የልደታው ሜዳ ነበር። በኋላ ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሊመጣ በታሰበ ጊዜ ሜዳው አጭር ሆኖ ስለተገኘ ወደ ቦሌ መዛወር ግድ ሆነ። የቦሌው መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ በ1955 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ገደማ ለሥራ ደረሱ።

እነሆ አሁን ደግሞ ሁለተኛው መዛወር ተቃርቧል። በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ የአዲሱ ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል። አራት መንደርደሪያ እንዲኖረው፣ ጠቅላላው ሥራ ሲያልቅም በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። የተገመተለት ወጪ 12.5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው።

በዚሁ ነገር ላይ ባለፈው ሰሞን በሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ሲከራከሩ ሰማሁ። ወጣቱ «እንዲህ ላለው ማረፊያ ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ መንትያ ይሠራለታል፤ ከእንግዲህ የመሬት ላይ አደጋ የሚባል ነገር አይኖርም» ይላል። ሸበቶው ሰውዬ ደግሞ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኛ መቼ የወረቀቱን መዝገብ በቅጡ ያዝንና ነው የኮምፒዩተሩን የምንይዘው?» ብለው መለሱለት። ታክሲው ደረሰና ክርክሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያ ይህ «ዲጂታል መንትያ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ባጭሩ መግለጥ ያስፈልጋል። ካርታም ሆነ ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ይነሣና እንደዚያው ይቀራል። መንትያው ግን ከአካሉ ጋር አብሮ የሚኖር ምስል ነው። በመንደርደሪያው ላይና ዙሪያ የተተከሉት መለኪያዎች፣ ካሜራዎችና ራዳሮች፣ በነዳጅና በዕቃ መኪናዎች ላይ የተገጠሙት መሣሪያዎች ያዩትን ሁሉ ያለማቋረጥ ወደ ኮምፒዩተሩ ይልካሉ። አስፋልቱ በጎማ ቅሪት ምን ያህል እንደለሰለሰ፣ የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ ዝናቡ የት ላይ እንደተኛ፣ የትኛው መኪና ማለፍ በማይገባው መስመር እንዳለፈ በምስሉ ላይ ይታያል። ከዚህም በላይ ገና ያልሆነውን ነገር በምስሉ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። «አንደኛው መንደርደሪያ በድንገት ቢዘጋ፣ ያን ጊዜም ጭጋግ ቢወርድ፣ የእሳት አደጋ መኪናው በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ብሎ ጠይቆ ሰው ሳይሞት መልሱን ማግኘት ማለት ነው።

ሐሳቡ እንግዳ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው። በ1962 ዓ.ም. አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ መንገድ ላይ ጋኑ በፈነዳ ጊዜ፣ በሂውስተን ያሉት ባለሙያዎች በምድር ላይ በነበሩት የመለማመጃ መሣሪያዎች እየሞከሩ ነው ሦስቱን ሰዎች መልሰው ያመጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክል ግሪቭስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐሳቡን ለፋብሪካ ሥራ አብራርተው አቀረቡ፤ ስሙም በ2010 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ ጽሑፍ ላይ ታወቀ። ዛሬ የአምስተርዳሙ ስኪፖልና የካናዳው ቫንኩቨር ማረፊያዎች ይሠሩበታል።

ጥቅሙን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ሁለት ነገር ብቻ ላስታውሰው። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ የተነሣው ኮንኮርድ ተቃጥሎ 113 ሰዎች የሞቱት፣ ከእርሱ በፊት ከተነሣ አውሮፕላን ላይ ወድቃ በመንደርደሪያው በቀረች፣ ርዝመቷ አንድ ክንድ በማይሞላ የብረት ቁራጭ ምክንያት ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተበላሹ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ብረት ቁራጭና ርግብ! ትልቁን ነገር የሚጥለው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሹን ነገር ያለ ድካም ሌትና ቀን የሚመለከት ዐይን ማግኘት ትልቅ በረከት መሆኑ አያጠራጥርም።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ከወጣቱ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን ወደ ሸበቶው ሰውዬ አዘነብላለሁ። ምክንያቱም መንትያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ይህን ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፤ በሰው ነፍስ ከፍለን ነው የተማርነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅጣጫ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት። የግራው የተሳሳተ ቁጥር ተናገረ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው የኮምፒዩተር ሥርዓትም የሁለቱን ቃል ሳያመሳክር ያንኑ አንዱን አምኖ አውሮፕላኑን ወደ መሬት ነዳው። ኮምፒዩተሩ በዚያች ሰዓት በውስጡ የያዘው የአውሮፕላን ምስል አፍንጫውን ወደ ሰማይ የሰቀለ አውሮፕላን ነበር፤ እውነተኛው አውሮፕላን ግን እንዲህ አልነበረም።

ሌላም አለ። የዚያን ዓይነት አውሮፕላን መለማመጃ መሣሪያ አስቀድመው ከገዙት ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ የእኛው ነበር። ይሁን እንጂ አደጋው ከደረሰ ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ የቦይንግ ኩባንያ ራሱ የማክስ መለማመጃ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ ገልጦ ማረሙን አስታወቀ። እንግዲህ ምስሉ ከአካሉ ጋር ሳይመሳሰል ቀርቶ ነበር ማለት ነው። መለማመጃ ማለት የመንትያ ታናሽ ወንድም ነው፤ በታናሹ የደረሰው በታላቁም ላይ እንዳይደርስ ምን ዋስትና አለን?

መሣሪያ ሲዋሽ ሌላ መሣሪያ ያጋልጠዋል እንበል። ሰው ሲደብቅስ? ከአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የሚበዛው መለኪያ ሊተከልበት የማይቻል ነው። የሣር አጫጁ ርግቦቹ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ያውቃል። የዕቃ መኪና ነጂው ትናንት ማታ ፍሬኑ ዘግይቶ እንደያዘለት ያውቃል። የሌሊቱ ተቆጣጣሪ እንቅልፍ ሸንቆጥ አድርጎት አንዱን አውሮፕላን በሌላው ስም እንደጠራ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ካልተናገሩ፣ የ12.5 ቢሊዮኑ ዶላር ማረፊያ መንትያ በቀለም ያማረ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

በአሜሪካ የደረሰውን አንድ ነገር ልጥቀስ። ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የቲ.ደብሊው.ኤ. 514ኛ በረራ ወደ ዋሽንግተን ዳላስ ማረፊያ ሲቃረብ ከፍታውን አስቀድሞ ቀንሶ ከተራራ ጋር ተጋጨና 92 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ ኩባንያ አውሮፕላን በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ስሕተት፣ ለጥቂት ከሞት እንዳመለጠ ታወቀ። ያ ኩባንያ የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከቤቱ አልወጣም። ከዚህ የተነሣ በ1968 ዓ.ም. ሠራተኛው ስሕተቱን በፈቃዱ የሚናገርበት ሥርዓት ተቋቋመ። በዚህ ሥራ የማደንቀው አንድ ብልሃት አለ፤ ይኸውም ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ ማንንም ለመቅጣት ሥልጣን የሌለው ናሳ መሆኑ ነው። የተናጋሪው ስምም ተቆርጦ ይጣላል።

ይህን ሳነብ ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ዳይሬክተራችን መስተዋት የሰበረ ልጅ ከማታ ጸሎት በፊት መጥቶ ከተናገረ አይቀጣም፤ ደብቆ የተገኘ ግን ወዮለት የሚል ደንብ ነበራቸው። እኛ ልጆቹ ደንቡን እንደ ሞኝነት እየቆጠርን እንስቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ትምህርት ቤት የተሰበረ መስተዋት ከሁለት ቀን በላይ ሲያድር አላየሁም።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ያለው ልማድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለማንም ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበርሁ። በየሰኔው የንብረት ቆጠራ ይደረጋል፤ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ይመሳከራሉ፤ ከየዕቃው ትይዩ ያለበት ሁኔታ ይጻፋል። በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ክዳኑ ተሰንጥቆ ሽቦው እንደሚታይ አውቅ ነበር። ብልሽት ብጽፍ «በማን እጅ ተበላሸ?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ከደብዳቤው በኋላ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው በኋላ ከደመወዝ መቁረጥ ይከተላል። ስለዚህ «በደኅና ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ፈረምሁ። በጥቅምት ወር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን በዚያው ሶኬት ላይ አሳረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሷ ተርፏል። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፉም፤ የምትጽፈውም በግራዋ ነው። መዝገቡ ዛሬም ሶኬቱ ደኅና ነው ይላል።

የንብረት መዝገብ የትምህርት ቤቱ መንትያ አይደለምን? በወረቀት መሆኑና በኮምፒዩተር መሆኑ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው። በወረቀት የምንዋሽ ሰዎች በኮምፒዩተር ብንዋሽ ውሸቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ሰውም ይበልጥ ያምነዋል።

የምስልና የአካል መለያየት በማረፊያ ሥራ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሌላም ትዝታ አለን። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን አንድ የጭነት አውሮፕላን በዛምቢያ ወደ ንዶላ ሄዶ፣ ሊያርፍ ከሚገባው ማረፊያ ሌላ፣ ገና በግንባታ ላይ በነበረ አዲስ ማረፊያ ላይ አረፈ። የተጎዳ ሰው ባለመኖሩ ብዙዎች እንደ ቀልድ አወሩት። እኔ ግን ቢሾፍቱን ባሰብሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ በዚያ የአየር ኃይሉ የቆየ ሜዳ አለ፣ አቡሴራ ደግሞ በየወሩ መልኩን የሚለውጥ የግንባታ ቦታ ይሆናል። ዛሬ አፈር የነበረው ነገ አስፋልት ነው። እንዲህ ባለው ዘመን ምስሉ የሚታደሰው በሩብ ዓመት ሪፖርት ከሆነ ባይኖር ይሻላል። በዚያው ቀን መሸት ሲል መታደስ አለበት።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው መንትያው ይቅር ሳይሆን፣ ሥራው የቢሾፍቱ ግንብ እስኪቆም ሳይጠበቅ ዛሬ በቦሌ ይጀመር ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሣት ረዥም መንደርደር ያስፈልገዋል። ስለዚህ መንደርደሪያው ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ ጉድለት ከቆላ ማረፊያ ይልቅ በእኛ ይከብዳል። ሁለቱ መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የመንገደኞች አዳራሽ ማስፋፊያ አቅሙን ወደ 22 ሚሊዮን አድርሶታል፤ በቅርቡም ይሞላል ተብሎ ስለታሰበ ነው አዲሱ የሚሠራው። ሥራ በተጨናነቀበት ስፍራ እውነትን መናገር የተለማመደ ሠራተኛ ወደ ሰፊው ቦታ ሲዛወር ልማዱን ይዞት ይሄዳል። መዛወሩንም ቢሆን በመንትያው ላይ ደጋግሞ መለማመድ ይቻላል። የለንደን ሂትሮው አምስተኛ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 በተከፈተ ጊዜ ግንቡ ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛው ቦታውን ባለመልመዱና የዕቃው ሥርዓት በመበላሸቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመቶ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰርዘዋል።

የሪፖርቱን ነገር በተመለከተ ሕጉ እንግዳ አይሆንብንም። አገራችን በ1937 ዓ.ም. የወጣውን የቺካጎውን ስምምነት ከተቀበሉት መንግሥታት አንዷ ናት። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 19ኛው አባሪም በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል በፈቃድ የሚቀርብ ሪፖርትን ስለ መጠበቅ ደንግጓል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ጥቂት አለፍ ያለ ነው። ሪፖርቱን የሚቀበለው አየር መንገዱም ሆነ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ባይሆን፣ ሠራተኛን ሊያሳድግም ሊያባርርም የማይችል አካል ቢሆን፤ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ክፍል ሥራውን ቢይዘው አይከብድም። ከዚያ ስሙ ተቆርጦ የወጣው ቃል በመንትያው ላይ ይተከል። ሣር አጫጁ ያያትን ርግብ ካሜራው ካያት ርግብ እኩል ትቆጠር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ሥራ ከውጭ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ለእኛ፣ ቁልፉ ለሻጩ ይሆናል። በውሉ ላይ የምስሉ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የሚሰበሰበው መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ሻጩ ሲሄድ የእኛ ልጆች ሊያርሙት መቻል አለመቻላቸው በግልጥ ካልተጻፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የምናየው ያረጀ ፎቶግራፍ ነው። ተማሪዎቼ ስለዚሁ ሥራ ሲጠይቁኝ ዐይናቸው ይበራል፤ «እኛም እንማረዋለን?» ይሉኛል። መልስ የምሰጣቸው ውሉን የሚፈርሙት ሰዎች እንጂ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው የሰኔ ቆጠራ፣ አሁን ባለሁበት ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ሙከራው ዕቃ አሥራ አንዱን «አይሠራም» ብዬ ጻፍሁና ምክንያቱን በየተራቸው ዘረዘርሁ። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን «ካለፈው ዓመት ጋር ስለማይመሳሰል ተስተካክሎ ይቅረብ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ማስታወሻውን የጻፈውን ሰው አልወቅሰውም፤ እርሱም የሚጠይቀው አለቃ አለው። ወረቀቱ ሳይስተካከል አሁንም ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከሜክሲኮ አደባባይ፣ ልደታ
አዲስ አበባ